ከብሩ በላይ

የኔነሽ አፏ አያርፍም። የደሴ ጎረቤቶቿ «ይቺ ልጅ ተኝታም ታወራለች» ይሏታል። ያን ሰሞን ግን ዝም ብላ ሰው ታዳምጥ ነበር፤ አያቷን፣ እማማ አትጠገብን። ያውም እርሳስ ይዛ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ እንየው ማይጨው ዘምቶ በዚያው ቀረ። ኩታበር ያለውን መሬቱን የአጎቱ ልጅ ሞላ ያዘና «የእንየው ወገን ነኝ የሚል ይምጣና ይቁጠር» አለ። መቁጠር ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀኑት ከቀለሙ ጀምሮ እስከ ራስ ድረስ፣ አባት በአባት፣ በሽማግሌ ፊት መጥራት ነው። ያልቆጠረ አያርስም። ከሚዳኙት ሽማግሌዎች በቀር ቆጠራውን የሚያውቁ ደግሞ የሞላ ወገኖችና እማማ አትጠገብ ብቻ ናቸው። የሞላ ወገኖች አይናገሩም፤ እማማ አትጠገብ ደረታቸውን ታመው ከመደብ አይወርዱም።

የየኔነሽ እናት ሸዋረጋ ኮምቦልቻ ወርዳ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ትሸከማለች። «መሬቱ ይመለስልኝ እንጂ ያንን ድንጋይ ዳግመኛ አላየውም» ትላለች። ስለዚህ መጻፉ የኔነሽ ላይ ወደቀ። ጣሊያን ሲገባ ከተዘጋው ትምህርት ቤቷ የተረፋት ግማሽ ደብተር ነበር።

«እሺ እምዬ፣ ባልዎ ብሩ ናቸው። የብሩ አባትስ?»

«መጀመሪያ ትራሴን ቀና አድርጊልኝ።»

«አደረግሁ። የብሩ አባት?»

«መከታ። እህ! ምን ያሉ ሰው መሰሉሽ! ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ደጃፉ ላይ ከበቅሎ ወድቄ ቀሚሴ ተተረተረ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸው ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ።»

«ጋቢውን ልተወው እምዬ፣ ወረቀቱ ትንሽ ነው። የመከታ አባትስ?»

«ጋቢውን ካልጻፍሽ አባታቸውን አልነግርሽም!»

ጻፈችው። የመከታ አባት ሞገሴ፣ የሞገሴ አባት ቀለሙ። በቃ፣ ቆጠራው ተሟላ!

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከብት ሁሉ ያለቀበትን ክፉ ቀን ጻፈች። ሞገሴ በስተርጅና ከልጅ ጋር ገበጣ ሲጫወቱ እንደሚያጭበረብሩ ጻፈች። አንድ ቀን እንዲያው ወሬ ሲያምራት «እምዬ፣ ብሩን ለምን ‹ያባትሽ አባት› ብቻ ይሏቸዋል?» አለች።

«ባልሽን በስሙ ጥሪው ብሎ ማን አስተማረሽ? ያ አስተማሪሽ ነው?»

የኔነሽ ሳቀች። እሱን አልጻፈችውም።

ሽማግሌ የተቀመጠው ቅዳሜ ቀን ኩታበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጥድ ሥር ነው። ሸዋረጋ በዋዜማው ከኮምቦልቻ ወጥታ፣ መዳፏ እንደተላላጠ ልጇን ይዛ ሄደች። የኔነሽ ደብተሯን ገለጠችና ጮክ ብላ ቆጠረች።

«ቀለሙ ሞገሴን ወለዱ። ሞገሴ መከታን ወለዱ። መከታ ብሩን ወለዱ። ብሩ እንየውን፣ እንየው እኔን!»

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ገብረ ማርያም «እስቲ ድገሚው» አሏት። ደገመችው።

«ልጄ፣ በቀለሙ ዘር መከታ የሚባል የለም። ሞገሴም የለም።»

«ደብተሩን ጣሊያን ነው የሞላላት?» አለ ሞላ። ተሳቀ።

ሸዋረጋ በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ወይኔ ልጄን! እመቤቴ ያወጡላቸውን ስም ነው እኮ የጻፍሽው!»

የኔነሽ ያኔ ገባት። ሙሽራ የባሏን ወገን በስሙ አትጠራም። በገባች ጊዜ ለእያንዳንዱ ስም ታወጣለች፣ እስክትሞት የምትጠራው በዚያ ነው። ሸዋረጋ ራሷ አማቷን አንድ ቀን አትጠገብ ብላቸው አታውቅም፤ እመቤቴ ናቸው። መከታም ሞገሴም የሙሽራዋ ስሞች ነበሩ። ከብሩ በላይ ደብተሩ ላይ የተጻፈ እውነተኛ ስም ቀለሙ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ሙሽራዋ ሳትገባ የሞቱ ናቸው።

«አባ፣ እርስዎ ያውቋቸው የለ? ይንገሩኝ!» አለች የኔነሽ።

«እኔ ባስቆጥርሽ ዳኝነት አይሆንም። እስከ ሰኞ ጠይቃችሁ ኑ። ካልሆነ መሬቱ የሞላ ነው።»

እናትና ልጅ በጥድፊያ ወደ ደሴ ተመለሱ። ሸዋረጋ ገና ከደጅ ስትገባ መደቡ ሥር ተንበረከከች። «እመቤቴ፣ በማርያም፣ ስማቸውን ይጥሩልኝ።»

«አማቴን? በስም?» አሉ እማማ አትጠገብ። በኋላ «ስለ ልጄ ስል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። የኔነሽ እርሳሷን ደብተሩ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ከነጠላው ሥር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ይቆማል። ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

«እምዬ?»

«የለም።»

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ስማቸው። ሰው ሲጠራቸው ጆሮዬን እይዝ ነበር፣ ካፌ እንዳያመልጠኝ ብዬ። ስልሳ ዓመት አፌ ላይ አላደረግሁትም። አሁን ብፈልገው፣ ብፈልገው … መከታዬ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ፊታቸው አለ። ጋቢያቸው አለ። ስማቸው የለም።»

እሑድን ሙሉ ሞከሩ። አለቀሱም። አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት ኩታበር የሄደ የለም። ጎረቤት እማማ አትጠገብን እንድታይ አደራ ተባለች። ሸዋረጋ የድንጋይ መሸከሚያ ጨርቋን አጣጠፈች፤ ከድሮ ነጠላዋ ቀደደችና ሁለተኛ መሸከሚያ አበጅታ ለየኔነሽ ሰጠቻት። የኔነሽ ተቀበለች። ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

በሩ ላይ ሲደርሱ እማማ አትጠገብ ከመደቡ ቀና አሉ።

«የኔነሽ፣ ጋቢውን ጽፈሽዋል አይደል?»

«ጽፌዋለሁ እምዬ።»