አንድ ዓይን

ትብለጥ የአዳራሹን ወለል ወልውላ ቀና ስትል ነው ያየችው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥዕል የአያቷ ፊት ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አጠገባቸው በሌላ ሥዕል ያለው ጣሊያናዊ ሻምበል ግን በሁለት ዓይኖቹ ፊት ለፊት ያያል። ሥዕሉ የተቀዳበትን የአያቷን ፎቶ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ሥዕል ሲሆን እንዲህ እንደሚመስል አላሰበችም።

የሳሉት ልጇ ቤዛና ጓደኛዋ ጁሊያ ናቸው። ሻምበሉ የጁሊያ ቅድመ አያት ነው። በወረራው ጊዜ የትብለጥን አያት ያሰራቸው እሱ ነበር፤ ከእስር ቤቱም በሕይወት አልወጡም። ልጆቹ ነገ እዚሁ አዳራሽ፣ ሮም ዳርቻ ባለው ሮማኒና ሰፈር፣ በሚከፈተው ኤግዚቢሽን ሁለቱን ቤተሰቦች ሊያስታርቁ አስበዋል። የሟቹ ልጅ፣ የትብለጥ አባት አቶ ገብረሃና፣ የዚያን ሰው ዘር እጅ አልጨብጥም ብለው ኖረው፣ በስንት ልመና እሺ ያሉት ትናንት ነው።

አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በእሳቸው ሙያ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው።

ትብለጥ ቤዛን ጠርታ ሥዕሉን በጨርቅ እንሸፍነው፣ አያትሽ ካዩት ልባቸው ይቆማል አለቻት።

ቤዛ ሳቀች። "ማማ፣ አንቺ ዘንድ ሁሌ ሰው ሊሞት ነው። ፎቶው በጎን ነው፤ አሎራ፣ እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?"

ይህን እያለች አቶ ገብረሃና ከዘራቸውን ይዘው ገቡ፤ ጁሊያ ተከተለቻቸው። ሥዕሉ ፊት ቆመው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ይህን ማን ሳለው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ። ከፎቶው ነው፤ ሌላ የለንም። እስር ቤት ውስጥ እንደዚህ ያነሷቸው ጣሊያኖቹ ናቸው።"

"እንግዲያ እነሱ እንዳዩት ነው የሳልሽው።"

ጁሊያ ነገሩ በጣሊያንኛ ሲነገራት ፊቷ ቀላ። ይቅርታ ጠይቃ፣ ዛሬውኑ ሁለተኛውን ዓይን እንጨምራለን አለች።

"ሁለተኛውን ዓይን ማን አይቶት?" አሉ ሽማግሌው ቤዛ ስትተረጉምላቸው። "እኔም አላየሁት። ሲያስሩት ገና በእናቴ ሆድ ነበርኩ።"

ጁሊያ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ከዘራቸውን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩና ወጡ።

ጁሊያ የአዳራሹን ቁልፍ ትተሽልኝ ሂጂ፣ እስኪነጋ ሠርቼ እጨርሰዋለሁ ብላ ትብለጥን ለመነቻት። ትብለጥ ሥዕሉን ብታወርደው ነገ ልጇ በእንግዶች ፊት ስታፍር፣ እሷም ከጽዳት ሥራዋ ስትባረር ታያት። ቢሆንም ወንበር ላይ ወጥታ የአያቷን ሥዕል አወረደችው። የሻምበሉን አልነካችውም።

"ማማ፣ ነገ ባዶ ግድግዳ ልናሳይ ነው?"

"አዎ። ሲጠይቁሽ፣ ሌላውን ዓይን የሚያውቅ ሰው አልተረፈም በያቸው።"

ሥዕሉን በብብቷ ይዛ፣ ሁለቱን ልጆች አስወጥታ በሩን ቆለፈችው።