አሥር ክንድ አቡጀዲ

እናቴ አሥር ክንድ አቡጀዲ የሰጠችኝ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዓመተ ምሕረት፣ የፋሲካ ሰሞን ነው። ከጂብሪል ሱቅ ራሷ አስለክታ፣ ራሷ ተሸክማ አመጣችውና የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው።

«መግነዜ ነው» አለች። «ጠርዙን በእጅሽ ቀምቅሚልኝና ሳጥን ውስጥ አኑሪው።»

«ምን ያስቸኩላል እማዬ?» ብላት ተቆጣች። ለመቆጣት ምክንያት ነበራት። አባቴ በኅዳር በሽታ ጊዜ ሞጆ ላይ ሲሞት ጨርቅ የሚሸጥ ቀርቶ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጠፍቶ ነበር። በለበሰው ድሪቶ ጠቅልለው ቀበሩት። ያን ድሪቶ የጣፈችው እናቴ ናት፤ እያንዳንዱ እራፊ ከየት እንደመጣ ታውቀዋለች። ከዚያ ወዲህ ሞትን ሳይሆን ድሪቶን ነበር የምትፈራው። «እኔ ግን መሃሉ ስፌት በሌለው፣ በሙሉ ጨርቅ ነው የምሄደው» ትል ነበር።

ጠርዙን መቀምቀም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ሦስት ዓመት አልበቃኝም።

ጠባዬን ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ መጀመር የምወድ ሴት ነኝ። ባቡሩ ከድሬዳዋ በገባ ቁጥር ጂብሪል አዲስ ጣቃ ይፈታል፤ ዓይኔ አዲስ የአበባ ጥለት ወይም አዲስ መስመር ላይ ካረፈ በእጄ የያዝኩት ሁሉ ያስጠላኛል። ለወለንጪቲ ሙሽራ የጀመርኩትን ቀሚስ እጅጌው ሳይገባ ትቼ የትራስ ልብስ እቆርጣለሁ። ትራሱ ላይ እርግብ መጥለፍ እጀምርና አንድ ክንፏ ሳይወጣ መጋረጃ ያምረኛል። ጎረቤቴ ዘሃራ ስሜን ጠርታ «ተሻለች የጀመረችው የሙሽራ ቀሚስ ለሙሽራዋ ልጅ ሰርግ ይደርሳል» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ።

እናቴ አትስቅም ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ የአዳማን አቧራ ከነጠላዋ እያራገፈች በሬ ላይ ትቆማለች።

«ያ ነገር?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ እማዬ።»

በመርፌ ነክቼው አላውቅም። መጀመሪያ የነካሁት በመቀስ ነው። ለአንድ ኮሌታ ገበር ስንዝር ያህል አነሰኝ፤ አቡጀዲው ደግሞ እዚያው ነበር። ሰኞ እተካዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሰኞ ጂብሪል ሰማያዊ ሳቲን ዘርግቶ ጠበቀኝና የሄድኩበትን ረሳሁ። ከዚያ የእርግቢቱ ትራስ ሁለት ክንድ ወሰደ፤ የመጋረጃው ገበር ሦስት። ከዚያው ጨርቅ ለዘሃራ ልጅም ቀሚስ ሰፋሁላት። ሰነፍ አልነበርኩም፣ ቀኑን ሙሉ ስሰፋ እውል ነበር። ክፉም አልነበርኩም፤ በየጊዜው እተካዋለሁ ስል ከልቤ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ወባ እናቴን ጣላት። አንድ ሐሙስ «ጨርቄን አሳዪኝ» አለች። ሳጥኑን ስከፍት የቀረው ሦስት ክንድ ነው። ወደ ጂብሪል ሮጥኩ፤ እሱም አቡጀዲ ጨርሶ የሰኞን ባቡር ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ያደረግኩትን ለንስሐ አባቴም አልሸሸግኩትም። አበባ ያለበት ቺት አጣጥፌ መሃል ከተትኩና አቡጀዲውን በላዩ ጠቀለልኩት። አሥር ክንድ መሰለ።

ዓይኗ በትኩሳቱ ደክሞ ስለነበር በእጇ ዳበሰችው።

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«ጠርዙስ?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ተባረኪ ልጄ። እንግዲህ አልፈራም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከተኛች ሰንብታ ነበር። እኔ ጥቅሉን ታቅፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አረፈች። ሰኞን አልጠበቀችልኝም።

የሚገንዟት ሴቶች ጨርቁን ሲዘረጉት ቺቱ ከነቀይ አበባው መሬት ላይ ወደቀ። ዘሃራ ቶሎ አንስታ ከሻሿ ሥር ደበቀችውና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ የቀረው የት አለ?»

የቀረው በየቦታው ነበር። መጋረጃውን አውርጄ ገበሩን ተረተርኩ። ትራሱን ገፈፍኩ። ዘሃራ ምንም ሳልላት ቤቷ ሄዳ የልጇን ቀሚስ ይዛ መጣች። ቁርጥራጩን ሰብስቤ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ደጅ የነበረው ለቀስተኛ የስፌቱን ድምፅ ሲሰማ ልቅሶውን አቆመ። «እናቷ ሳትቀበር ሥራዋን ጀመረች» ያሉ እንደነበሩ በኋላ ሰምቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። እንባዬ ጨርቁን ያርሰዋል፣ እግሬ መርገጫውን ይረግጣል። እንደዚያ ቀን ቀጥ አድርጌ ሰፍቼ አላውቅም። የእርግቢቱን ጥልፍ ለመፍታት ጊዜ ስላልነበረ በአንድ ክንፏ እናቴ ትከሻ ላይ ዋለች።

ያቺን የፈራችውን ድሪቶ እኔው በእጄ ጣፍኩላት።

ጠርዙ ቀረ። እሱን በእጅሽ ነው ያለችኝ። ከገነዟት በኋላ በእግሯ በኩል ተንበርክኬ መቀምቀም ጀመርኩ። ቄስ አብተው መስቀላቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ቆይተው፣ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይበቃል። ሰው ፀሐይ ላይ ነው» አሉኝ።

«ትንሽ ነው የቀረኝ አባቴ።»

የዚያን ቀን እውነቴን ነበር፤ የቀረኝ አንድ ስንዝር ነው። ተሸካሚዎቹ ግን ቃሬዛውን አነሱት። መርፌው በእጄ እንዳለ ክሩ ተከትሏት ተሳበ። ዘሃራ ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችው።