የመጸዳጃ ቤቱ በር መተርኮሻ

ሥራዬ ያረጀ ደንብ መሰረዝ ነው። የትላልቅ አውሮፕላኖችና የሞተሮቻቸው የደህንነት ደንብ እንደ አዲስ ሲጻፍ፣ ዘመን ያለፈበትን አንቀጽ እየለቀምኩ አስወጣለሁ። መጣል ይቀናኛል። ቤቴም ትርፍ ዕቃ አይበረክትበትም፤ ባለቤቴ «አንድ ቀን እኔንም ትጥይኛለሽ» እያለ ይቀልድብኛል።

የዚያን ሳምንት ተራው የደረሰው «በመጸዳጃ ቤት በር ላይ የሲጋራ መተርኮሻ ይኑር» የሚለው አንቀጽ ነበር። ሳቄ መጣ። አውሮፕላን ውስጥ ማጨስ ከተከለከለ ስንት ዘመኑ! በቀይ ሰረዝኩትና ለቡድናችን አንጋፋ፣ ለሽማግሌው የሞተር መሐንዲስ እንዲፈርሙበት ሰጠኋቸው። አልፈረሙም።

«የተከለከለ ሁሉ የተወ ይመስልሻል?» አሉኝ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ። «ተደብቆ የሚያጨስ አይጠፋም። ሰው ሲመጣበት የት ይጥለዋል? ወረቀት የሞላ ቅርጫት ውስጥ፤ ያውም ሰማይ ላይ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሰው አያምኑም!»

«ሰውማ አውቃለሁ። እስከ ዓርብ አስቢበት።»

ብሽቅ አልኩ። እኔ ሰው አምናለሁ። ባለቤቴን ሐኪሙ ልቡን መርምሮ «ወይ ሲጋራውን ወይ ዕድሜህን» ካለው ሰባት ወሩ ነው። ያን ዕለት ቤት ውስጥ የነበረውን መተርኮሻ ሁሉ ጠራርጌ ጣልኩ። እሱም በልጃችን ምሎ ተወ፤ እኔም አመንኩ።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ባለቤቴ እርጥብ ፎጣ ይዞ መታጠቢያ ቤት ቆሟል። የቆሻሻ ቅርጫቱ ቀልጧል፤ የመጋረጃው ጫፍ ጠቁሯል። ከግድግዳው ወዲያ ልጃችን የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩበት።

«ልጅቷ በር ስትከፍት አንቺ መሰልሽኝና ደንግጬ ሲጋራውን ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩት» አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁሽ።»

ከዚያ ወዲያ መጮህ አቃተኝ። ሰውዬው ከሞት ይልቅ እኔን ፈርቶ ኖሯል፤ አፈርኩ።

ዓርብ ጠዋት አንቀጹን መልሼ አስገብቼ ለመሐንዲሱ ሰጠኋቸው። ምንም ሳይጠይቁ ፈረሙ። ማታ ወደ ቤት ስገባ አንድ የብረት መተርኮሻ ገዝቼ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጥኩ።

ባለቤቴ አየውና «ፈቀድሽልኝ ማለት ነው?» አለኝ።

«ምን ሲደረግ! ክልክል ነው። ግን ካቃተህ እዚህ ተርኩሰህ ንገረኝ። ሰኞ ደግሞ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ እራት ላይ፣ ሳልጠይቀው፣ አንገቱን ደፍቶ «ዛሬ አንድ አጭሻለሁ» አለኝ። ግን በሰባት ወር ውስጥ እሱን ከልቤ ያመንኩት ገና ያን ጊዜ ነው።