መብራት በኪራዩ ውስጥ

አቶ አካሉ «መብራትና ውሃ በኪራዩ ውስጥ ነው» ብለው ያከራዩ ቀን፣ በገዛ እጃቸው አንገታቸውን ገመድ ውስጥ አስገብተዋል። ያኔ ተከራይ አንድ አምፖል አብርቶ የሚተኛ ፍጡር ነበር። ዛሬ ሐይቁ ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ውስጥ ክፍሉ ብዙ፣ ቆጣሪው አንድ ነው፤ የመብራት ሂሳቡ ጡረታቸውን ጠራርጎ ይበላል። ኪራይ ጨምሩ እንዳይሉ ደግሞ ተከራዮቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ወር ሲጋመስ ፊታቸው ያስታውቃል። አቶ አካሉን ነገሩ ታከታቸው።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚያጽናናቸው አንድ ነገር ነው። ኮሌጅ ጸሐፊ የሆነችው ተከራያቸው ወንጌላዊት፣ ሪህ ለያዘው እግራቸው ብላ በየማለዳው ሙቅ ውሃ በጨው በሳፋ ታመጣላቸዋለች። ታኅሣሥ ላይ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ አጥንት ይገባል፤ ያለዚያ ውሃ ከደጃፋቸው መራመድም አይችሉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉና መብራት የሚበላውን ፍለጋ ገቡ። እሑድ ከሰዓት ግቢውን እያነከሱ ሲዞሩ የወንጌላዊትን በር ገርበብ ብሎ አገኙት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ይፍለቀለቃል።

«ልጄ፣ ለካ የሚያከስረኝ ይኸ ነው?»

«አጠፋሁ አባባ። ከሰሉ ቢወደድብኝ ነው የገዛሁት።»

ማሞቂያውን ነቅላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አልተከራከረችም። ብትከራከር ይሻላቸው ነበር። ወስደው አልጋቸው ሥር ከተቱት።

ሰኞ ማለዳ ሳፋው ቀረ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ የለም። እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ወንጌላዊት የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቁጢጥ ብላ፣ እንቢ ያለ ከሰል ታራግባለች። ጭሱ ዓይኗን አስለቅሷታል፤ የሥራ ሰዓቷም አልፏል።

«ለማን ነው እንዲህ የምትንገላቺው?»

«ለእግርዎ ነዋ። በፊት በማሞቂያው ነበር የማፈላልዎ፤ ዛሬ ዘገየሁብዎ።»

አቶ አካሉ አፈሩ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ማፈር ይኖራል ብለው አላሰቡም ነበር። ገብተው ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው ተንቋቋ። ማሞቂያውን አምጥተው ዘረጉላት።

«ሰኪው።»

«ሂሳቡስ አባባ?»

«እኔ እንጃ» አሉ። ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡና ካልሲያቸውን ማውለቅ ጀመሩ።