መዳፍ ያበቀለው ፀጉር

ኦሪሲያ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተከለች ደርቃ ቀረች። «መዳፍ» ተብሎ የተመዘገበው ቁራጭ ቆዳ ውስጥ የፀጉር ሥር አለ! መዳፍ ላይ ደግሞ እንኳን የካናዳዋ ዊኒፔግ ሰው፣ ዝንጀሮም ፀጉር አያበቅልም።

ሁለት ዓመት የለፋችው ለአንድ ካርታ ነው፤ ከበሽታ የሚከላከሉልን ሕዋሳት ቆዳችን ላይ የት እንደሚበዙ፣ የት እንደሚሳሱ የሚያሳይ። ቆዳውን የለገሱት የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እዚያ ቤት አዲስ ጥናት ሲጀመር ሁሉም ከገላው ምስር የምታህል ቁራጭ ያስነሳል፣ በፕላስተሩም ሳምንት ሙሉ ይጎርራል። ናሙናው ላይ ግን ስም አይጻፍም። አሁን አንዱ ከተደባለቀ ሌላውስ ላለመደባለቁ ምን ዋስትና አለ? ካርታው ገደል መግባቱ ነው።

«ዴዝሞንድ!» ብላ ቆዳውን በስሱ የሚቆራርጠው ባልደረባዋ ላይ ጮኸች። «የጭን ይሁን የክንድ ቆዳ፣ መዳፍ ነው ብለህ ሰጥተኸኛል!»

«እኔ? የሰጡኝን ነው የቆረጥኩት! ይልቅ መዳፉን የሚላጭ ሰው ፈልጊ!»

ጩኸቱን ሰምተው አለቃቸው ፕሮፌሰር ፍሪሰን ዶናት እየገመጡ ብቅ አሉ። ጎንበስ ብለው በማይክሮስኮፑ አዩና እስከ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«አትጣሉ ልጆች። የሚላጨው እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?»

ግራ እጃቸውን ዘረጉ። «በልጅነቴ ምድጃ ነክቼ ተቃጠልኩ። ሐኪሞቹ ከጭኔ ቆዳ አንስተው ለጠፉልኝ። ከጎረመስኩ ወዲህ እሁድ እሁድ እላጨዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን እጅ ለእጅ ስንያያዝ ሰው እንዳይኮሰኩስ። ቀኜን እጽፍበታለሁ ብዬ ናሙናውን ከግራው ሰጠሁ። አላሰብኩትም፣ ይቅርታ።»

ዴዝሞንድ በሳቅ ፈረሰ። ኦሪሲያ ግን ተመልሳ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። ሕዋሳቱ የፀጉሩን ሥር ከበው፣ ልክ ጭን ላይ እንደሚሰፍሩት ሰፍረዋል።

«ፕሮፌሰር! ሃምሳ ዓመት መዳፍ ላይ ኖረው አሁንም የጭን አሰፋፈር ነው ያላቸው! ካርታዬ አልተደባለቀም፤ እንዲያውም መዳፍዎ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ አመጣልኝ፤ ሕዋሳት የመጡበትን ቦታ አይረሱም ማለት ነው?»

ሰውየው ያንን እጅ ከእሁድ በቀር ዕድሜ ልካቸውን ኪስ ውስጥ ሲደብቁት ኖረዋል። አሁን ኦሪሲያ በሁለት እጇ ይዛ፣ እየዘለለች ትወዘውዘዋለች። ቀኑ ዓርብ ነውና በደንብ ይኮሰኩሳል።

«በእናትዎ» አለች እንባዋ በሳቋ መሐል እየወረደ፣ «ለጥናቱ ሲሉ ይህን እሁድ እንዳይላጩት!»