ድራይቨሩን ማን አነሳው?

አራተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ የራሱ አልመስል አለው። አሳንሰሩ ከተበላሸ ከርሟል፤ በሩ ላይ የተለጠፈው «ይቅርታ፣ በጥገና ላይ ነን» የሚለው ወረቀት እንኳ አርጅቶ ጥጉ ተልጧል። ጠጋኙ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ይህ ሦስተኛው ነው። ያው ሕንፃ፣ ያው ማተሚያ ቤት፣ ያው ኮምፒውተር።

ሰዉ «ይንገሩኝ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። የተበላሸ ኮምፒውተር ፊት ሲቀርብ ካቻቪቴውን ከማውጣቱ በፊት ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ይንገሩኝ እስቲ፣ ከመጀመሪያው» ይላል። ሙያውን ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም፤ የተጣለ ዕቃ እየፈታ፣ መልሶ ሲገጥም የሚተርፈውን ብሎን እያየ እየተሳቀቀ ነው የተማረው። በሃያ ሁለት ዓመት የደረሰበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ስለ ተበላሸበት ነገር ሲያወራ አንዲት ነገር ዘሎ እንደሚያልፍ ነው። ብልሽቱም ብዙ ጊዜ ያለው እዚያች የተዘለለችው ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ እሱም ሥሩ እስኪመጣ ድረስ ይሰማል።

ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ጠበቀው። ማተሚያ ቤቱን ከአባቱ የተረከበ፣ ገና በአርባው ፀጉሩ የሸሸበት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ስክሪን ዛሬም ጠቁሯል።»

«አንደኛውስ?»

«እሱ ይሠራል፤ ግን ፊደሉ ጡብ ጡብ አክሏል። ልክ እንደ ባለፈው።» ወደ ውስጥ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ የያዝነውን መጽሐፍ ውጭ ላለ ሌላ ማተሚያ ቤት እሰጠዋለሁ። ደንበኛው መውጫ መግቢያ አሳጥቶኛል። አንዴ ለውጭ ከሰጠሁ ደግሞ ያንን ጠረጴዛ ምን ብዬ አቆየዋለሁ? እዘጋዋለሁ።»

«እትዬስ?»

«እትዬማ…» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። «ብቻ የጥገና ቅጹ ላይ የብልሽቱን ምክንያት በግልጽ ይጻፉልኝ። ካርዱ ከሆነ ለሻጩ እመልሳለሁ። ሌላም ከሆነ ልወቀው።»

ጠረጴዛው የእትዬ አራት ነጥብ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ ቤት ተይበዋል፣ ገጽ አቀናብረዋል፣ የሰው ስሕተት አርመዋል። ነጥቡ የጠፋ ዓረፍተ ነገር ካገኙ የደራሲውን ደጅ አንኳኩተው ያስመልሳሉ ተብሎ ስለሚቀለድባቸው ነው ይህ ስም የወጣላቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ የሚያድሩት ቤታቸው ይሁን እንጂ የሚኖሩት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እንጀራቸውም እሱ ነው።

«መጣህ ወንድሜ?» አሉት ቀና ሳይሉ። «ደረጃው እንዴት ነው?»

«ከባለፈው ጨምሮ ጠበቀኝ።»

«እኔ ነኝ የምቀጥልበት። ሆድህ ይጉደል ብዬ።»

ሳቅ አለና ወንበር ሳበ። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ስክሪን አለ። በግራው እሳቸው ይሠሩበታል፤ ቀኙ ገጹ ሲታተም የሚመስለውን ሙሉውን ያሳያል፣ ሥራ አስኪያጁና ደንበኛው ቆመው የሚያዩት እሱን ነው። ቀኙ አሁን ጥቁር ነው። በግራው ላይ ያሉት ፊደሎች ግን ገዝፈዋል፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል።

ነገሩ የተጀመረው ምስሉን ወደ ስክሪኖቹ የሚያወጣው የድሮው ግራፊክስ ካርድ ሞቶ አዲስ የተገዛ ጊዜ ነው። እዚሁ ቤት ያሉ ሰዎች ራሳቸው ገጥመውት ሁለቱም ስክሪን ድርግም አለባቸው። ይንገሩኝ ያኔ መጥቶ ሲያይ፣ የስክሪኖቹን ኬብል አዲሱ ካርድ ላይ በመሰካት ፈንታ ኮምፒውተሩ የራሱ ቀዳዳ ላይ ሰክተውታል፤ እንግዳው በፊት በር ቆሞ እነሱ በጓሮ ይጠብቁታል። ኬብሉን አዛውሮ፣ የሞተውን ካርድ ድራይቨር አንስቶ አዲሱን ጫነ። ድራይቨር ማለት በኮምፒውተሩና በካርዱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ እሱ ከሌለ ሁለቱ የሚግባቡት በምልክት ብቻ ነው። ያን ዕለት እትዬ ከጎኑ ተቀምጠው የሚጫናትን እያንዳንዷን ነገር ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ ድራይቨሩ የለም። ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ራሱን ሲያድስ ያበላሸው መስሎት መልሶ ጫነና፣ በራሱ እንዳይነካካው ያን መንገድ ዘጋ። ዛሬም የለም።

«ይንገሩኝ እስቲ፣ ከመጀመሪያው።»

«ምኑን እነግርሃለሁ? ገባሁ፣ አበራሁ፣ ጠቆረ።»

«እንዳበሩት ወዲያው?»

«ወዲያው… መሰለኝ።»

«ምን የሚል ጽሑፍ አመጣ?»

«አንድ የሆነ ጽሑፍ።»

ይንገሩኝ ቀና ብሎ አያቸው። የሰው ጽሑፍ ከነነጥቡ በቃላቸው የሚወጡ ሴት «አንድ የሆነ ጽሑፍ» ሲሉ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

በልቡ «በስምህ» ብሎ የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተ። ካርዱን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ቦታውን ይዟል። የኃይል ገመዱን ነቀነቀው፤ ጠብቋል። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ ማራገቢያው እንደ ጤነኛ ሕፃን ይተነፍሳል። ብሎኑን መልሶ አሰረና ኮምፒውተሩ የውሎውን ማስታወሻ የሚይዝበትን ቦታ ከፈተ። እዚያ ሁሉ ነገር ከነሰዓቱ ይመዘገባል።

ዛሬ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ድራይቨሩ ተነሳ፤ በእጅ። ባለፈው ሳምንትም ያው ሰዓት፣ ያው ነገር። ማተሚያ ቤቱ የሚከፈተው በሁለት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ቁልፍ ይዘው የሚገቡት ደግሞ እትዬ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። ያ ሁሉ ደረጃ በዓይኑ መጣበት፤ ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥለው ጉልበቱ መጣበት። ሊናገር አፉን ከፈተ። ጌታ ሆይ፣ ምላሴን ያዝልኝ አለና መልሶ ዘጋው። ድራይቨሩን መጫን ጀመረ።

ስክሪኖቹ ጥቁር ብለው ብልጭ አሉ። ቀኙ በራ። በግራው ያሉት ፊደሎች ጥርሳቸውን ሰብስበው ጥርት አሉ፤ ጥርት ሲሉም አነሱ፣ ጉንዳን አከሉ። መጽሐፉን መልሶ ከፈተው።

«ይቺን መስመር ያንብቡልኝ እስቲ።»

«አንተ ማንበብ ተሳነህ?»

«አልተሳነኝም። እርስዎ እንዲያነቡልኝ ነው።»

እትዬ ወደፊት አዘነበሉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምን ቀረው። ከዚያ ወደኋላ ተመለሱና በዚያ በለመደው ድምፃቸው አንድ መስመር፣ አንድ ቃል ሳይስቱ፣ ከነነጥቡ ወረዱት።

ጥሩ መስመር ነው፤ ግን ስክሪኑ ላይ የለም። መጽሐፉ ሲዘጋና ሲከፈት ከመጀመሪያው ገጽ ነው የተነሳው፤ እሳቸው ያነበቡት ትናንት የተዉትን፣ መቶ ምናምነኛውን ገጽ ነው።

ይንገሩኝ አላረማቸውም። እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገና ጠበቀ።

«ሌላ ገጽ ነው አይደል?» አሉ በመጨረሻ።

«ሌላ ነው እትዬ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጣታቸው ዓይናቸውን አሹ። «ያን ዕለት የድሮውን ድራይቨር ስታነሳ ፊደሉ ተለቀ፤ ትዝ ይልሃል? ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ‹ሀ›ን ‹ሀ› ብዬ አየሁት። የት የት እንደጫንክ ጽፌ የለ? የቻልኩትን ያህል እታገሳለሁ። ሲያቅተኝ አነሳዋለሁ።»

«ሁለተኛው ስክሪን ሲጠቁርስ?»

«እሱን የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ እኔ መች አየዋለሁ?»

«ታዲያ ምነው ሳይናገሩ ቀሩ?»

«ለማን? ዓይኗ የደከመ አራሚ ማለት እግሩ የተሰበረ ፖስተኛ ማለት ነው። ማን ያስቀምጠኛል?»

እስከ ስድስት ሰዓት የተባለውን ነገራቸው። መደበቅ አልቻለም። እትዬ ደብተራቸውን ቀስ ብለው ዘጉት። ይንገሩኝ ደግሞ በራሱ አፈረ። ሁለት ጊዜ መጥቶ ገመዱን ጠይቋል፣ ካርዱን ጠይቋል፣ ማራገቢያውን አዳምጧል። «ይታይዎታል ወይ?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ሰው አንዲት ነገር ይዘላል ሲል የኖረው እሱ፣ የራሱን አልቆጠረም።

«እትዬ፣ ይህ እኮ ድራይቨር የሚያስነሳ ነገር አይደለም። ፊደል ማሳደጊያ ለብቻው አለው። እዚህ ጋ።»

«አትቀልድ።»

«ይበቃል ሲሉ ይንገሩኝ።» አንድ ጊዜ ጨመረ። «ይህስ?»

«ጨምር።»

«እዚህስ?»

«ጨምር እንጂ! ከኪስህ የሚወጣ አስመሰልከው።»

ፊደሉ እጥፍ ሲሆን ስክሪኑ ሞላ። ትልቅም ነው፣ ጥርትም ብሏል፤ የመጋዝ ጥርሱ ጠፍቷል። ቀኙ ስክሪን ሙሉ ገጹን ይዞ እንደበራ ነው። እትዬ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ሳያዘነብሉ፣ በእርግጥ እዚያ ያለውን የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ።

የቀረው ቅጹ ነው። «የብልሽቱ ምክንያት» ከሚለው ጎን ባዶ መስመር አለ። ይንገሩኝ እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ።

«ካርዱ ነው በል» አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

«ካርዱ ምን አደረገ? ይመለስና ሌላ ይመጣል፣ ያኛውም ነገ ይታማል። ውሸት አልጽፍም እትዬ። የእርስዎንም ጉዳይ እኔ አልጽፈውም።» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ልትለኝ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ፊትህ ብሏል።»

ወረቀቱን ወሰዱት። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጻፉ።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ አምስት ሰዓት አልፏል። መጀመሪያ ያየው ሁለቱን ስክሪኖች ነው፤ ትከሻው ወረደለት። ቀጥሎ ቅጹን አነሳ። «ድራይቨሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ፊደሉ አልታይ ብሎኝ ነው። ካርዱ ደኅና ነው።» ሦስቱም ነጥባቸው በቦታው አለ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጋሼን ሁለት ጊዜ በከንቱ አራተኛ ፎቅ አስወጧቸው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔንም ደንበኛ ፊት…»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ወደ ግዙፎቹ ፊደሎች ዞሮ ቆመ። «ስንት ገጽ ቀረ?»

«አሥራ ስምንት።»

«የመጨረሻውን እርማት ከሌላ ሰው ጋር ሆነው ነው የሚያነቡት።»

ይህ ጠልቆ ገባ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸው ያረሙትን ማንም ደግሞ አይቶባቸው አያውቅም። «ይሁን» አሉ።

«መጽሐፉ እንደ ወጣ ሐኪም ዘንድ ይዤዎት እሄዳለሁ። የሚለውን ሰምተን ስለ ጠረጴዛው ያኔ እንነጋገራለን። አሁን ይሥሩ።» ቅጹን ወደ ፋይሉ ሊያስገባ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ይንገሩኝ ቦርሳውን አንግቦ ወጣ። መውረድ ለጉልበት ከመውጣት ይብሳል፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ አንድ አንድ እያለ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ከላይ የእትዬ ድምፅ መጣ።

«ይንገሩኝ! ካቻቪቴህን ትተህ ሄድክ እኮ!»

አንገቱን ወደ ላይ ቀና አደረገ። «አዩት እንዴ?»

«ምን አያለሁ፣ ተቀመጥኩበት እንጂ!»

የሥራ አስኪያጁ ሳቅ ይሁን የእሳቸው፣ አንድ ሳቅ በደረጃው ላይ እየተንከባለለ ወረደ። ይንገሩኝ የወረዳቸውን ደረጃዎች አየ፣ የቀሩትን አየ። ከዚያ ቦርሳውን እዚያው ደረጃው ላይ አኖረና፣ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ፣ እግዜር ያበርታኝ እያለ መልሶ መውጣት ጀመረ።