የቁልፍ ሠሪዋ ሙሾ

«ምን ብዬ ላውርድላት?» አለች ኡርካሽ፣ የበግ ጠጉር ድንኳኑ በር ላይ ቆማ።

ኡርካሽ ከጉልቾ መንደር ድረስ የተጠራች አሮጊት ሙሾ አውራጅ ናት፤ ሟቿን በአካል አታውቃትም። ሟቿ ቱርዱካን ድንኳኑ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች። ቀብሯ ነገ ነው።

ባሏ ሙራታሊ ወገቡን በመቀነት ታጥቆ፣ ከሐዘንተኞቹ ወንዶች ጋር ደጅ ላይ ቆሟል። እሱ አፉን ሳይከፍት የቱርዱካን ታላቅ ወንድም ኮይቹማን ቀደመው። ቤቷ ለእንግዳ ክፍት የነበረ፣ ልጆቿን በወግ ያሳደገች ደግ እናት በዪ አላት። ኡርካሽ ስለ ሥራዋስ ብላ ብትጠይቅ ፊቱ ጠቆረ። የሰው መኪና ስትከፍት ኖረች ተብሎ በሙሾ አይወሳም፣ ዘመድ ይሰማል አለ።

«እሱንም በዪ፣» አለ ሙራታሊ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «በኦሽ የመኪና ገበያ ቁልፍ ሠሪ ነበረች በዪ። እሱን ካልሽ ሌላውን ብትተዪውም ግድ የለኝም።»

«ሙራታሊ፣ ተው እንጂ።»

«አልተውም።»

አሮጊቷ ሁለቱንም አየቻቸው። «እንግዲህ ተስማሙና ጥሩኝ፤ እኔ እስከዚያው ጉሮሮዬን በሻይ ላሙቅ፣» ብላ ቦርሶክ የሚባለው የዘይት ቂጣ ወደሚጠበስበት ጓሮ ሄደች።

ቱርዱካን በኦሽ ከተማ የሐር ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበረች። ፋብሪካው ሲዘጋ ጓደኞቿ ሩሲያ ሄደው ወለል ሲጠርጉ፣ እሷ አንዲት የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ገዝታ መኪና ገበያው ጥግ ኮንቴይነር ውስጥ ተቀመጠች። መጀመሪያ ተራ ቁልፍ ትቀርጽ ነበር። በኋላ ከጃፓን የሚመጡት መኪኖች ቁልፋቸው ቺፕ ያለው ሆነ፤ ጥርሱ ቢገጥምም መኪናው ካላወቀው አይነሳም። ሌሎቹ ቁልፍ ሠሪዎች እጅ ሲሰጡ እሷ የማታውቀውን እየጠየቀች፣ ያበላሸችውን እየከፈለች ተማረችው።

ሙራታሊ የሚኒባስ ሾፌር ስለሆነ በምሳ ሰዓት ጎራ እያለ ያያት ነበር። መሣሪያዋን ከመሪው ሥር ሰክታ፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የምትብለጨለጨውን ቀይ መብራት አፍጥጣ ታያለች። መኪናዋ ቁልፉን አውቃው መብራቷ ስትጠፋ መሪውን በመዳፏ መታ ታደርግና ቁልፉን ለባለቤቱ ትሰጠዋለች። «በል፣ አውቃሃለች፣» ትለዋለች፣ ሙሽራ እንዳጋባች ሁሉ። የጠፋውንም ቁልፍ ከመኪናው ትሰርዘዋለች፤ ያገኘው ሰው ብረት ነው ያገኘው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሊብሬ ትጠይቃለች። ሙላህም ቢመጣ፣ ፖሊስም ቢመጣ ያው ነው። አንድ ጊዜ ሙራታሊ የሚኒባሱን ቁልፍ ጥሎ መጣ።

«ሊብሬ፣» አለችው።

«አንቺ፣ ባልሽ ነኝ እኮ!»

«ባሌ መሆንህንማ መች አጣሁት። የመኪናው ጌታ መሆንህን ነው የምጠይቅህ።»

በእግሩ ቤት ድረስ ሄዶ አመጣ። ያን ዓመት ሙሉ ይህን ለተሳፋሪ ሁሉ እየሳቀ ሲያወራ ከረመ። መኩራቱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሮቹ መምጣት ጀመሩ። የታክሲው፣ የጭነቱ፣ ዘመድ የማያውቃቸው ወንዶች ገና ከመንገዱ «ወይ እህቴን» እያሉ ገቡ። መኪኖቻቸው እስከ ቦዩ ድረስ ተሰለፉ። ሻይ የሚያዞሩት ሴቶች እነዚህ ሁሉ የማን ናቸው እያሉ ተንሾካሾኩ። ሙራታሊ ሰምቶ አንገቱን ቀና አደረገ።

ከሾፌሮቹ ኋላ አንዲት ነጭ ቶዮታ መጣች። የነዳችው ናዚራ ናት፣ የኮይቹማን የቀድሞ ሚስት። ሹክሹክታው ቀጥ አለ። ናዚራ ከተፋታች ወዲህ በዚያች መኪና ወተት እያከፋፈለች ሁለት ሴት ልጆቿን አሳድጋለች። ማንንም ሳታይ እያለቀሰች ወደ ድንኳኑ ገባች። ኮይቹማን ግን ዓይኑን ከመኪናዋ ላይ አላነሳም፤ ከወንዶቹ ሰልፍ ወጥቶ ብቻውን ግንቡ ሥር ቆመ።

ኡርካሽ አፏን እየጠረገች ተመለሰች። «እህ፣ ተስማማችሁ?»

ሙራታሊ ሊመልስ ሲል ኮይቹማን እጁን አነሳ።

«እማማ፣ እኔ ልንገርሽ፣» አለ። መሬት መሬቱን እያየ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ተናገረ። መኪናዋ ለናዚራ አባቷ የሰጣት ነበረች፤ ሊብሬውም በናዚራ ስም ነው። ሊፋቱ ሲሉ ሳታውቅ ሊወስድባት አሰበና ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ እህቱ ዘንድ ሄደ።

«‹ወንድም ጋሼ፣ ናዚራ ራሷ ትምጣ› አለችኝ። ለመንኳት። ታላቅሽ ነኝ ብዬ ጮህኩባት። ሻይ ቀዳችልኝ እንጂ ማሽኗን አልነካችም። ከዚያ ወዲህ ትላንት ሬሳዋ ላይ እስክመጣ ደጇን አልረገጥኩም።» ወደ ሙራታሊ ዞረ። «ነግራሃለች?»

ሙራታሊ አልነገረችኝም በሚል ራሱን ነቀነቀ። መኳረፋቸውን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም ነበር። ሚስቱ የወንድሟን ገመና ለሱ እንኳ አላወጣችም።

«እሱን በዪ እንግዲህ፣» አለ ኮይቹማን ለአሮጊቷ። «ስሜንም ጥሪው።»

ኡርካሽ አየችውና ወደ ድንኳኑ ገባች። ድምፅዋ ከድንኳኑ ወጣ። ጓሮ ሻይ ስትጠጣ ከሴቶቹ እንደሰማችው ከሐር ፋብሪካው ጀመረች፤ ኮንቴይነሯን፣ ቀይ መብራቷን አነሳች፤ ከዚያም፦

«ቁልፍ ለጠፋበት ቁልፍ እየሠራች፣
ኮይቹማን ቢለምን እንቢ ብላ ቀረች።»

ውስጥ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። ከሁሉ በላይ የናዚራ ድምፅ ተሰማ። ደጅ ያሉት ሾፌሮች ባርኔጣቸውን አወረዱ።

ሙራታሊ ቱርዱካን ከሞተች ጀምሮ አላለቀሰም ነበር። አሁን እንባው ጢሙ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም፤ ደረቱን ነፍቶ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ጥቂት ቆይቶ አጠገቡ ያለውን ሰው በትከሻው ገፋ አድርጎ ቦታ አስለቀቀ። ኮይቹማን መጥቶ ከጎኑ ቆመ። ሙራታሊ ፊቱን ሳያዞር፣ ሕፃን ልጅ በሰው መሃል እንደሚያደርገው፣ የኮይቹማንን ኮት እጅጌ ጨምድዶ ያዘ።